ቀለሙ እንዳይፋቅ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ምንም ነገር ከመለወጡ በፊት፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። የእናትየዋ ግራ ጉልበት ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ይታጠፋል፤ አርብ ዕለት የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ማዕዘን መለኪያዋን ጉልበቱ ላይ አጋድማ ሁለቴ ለክታዋለች፣ ሁለቴም ያው ነው። ፒክአፑ አፍንጫውን ወደ ግቢው በር አዙሮ ቆሟል። ነጭ ነው፣ ባለ አንድ ጋቢና። የጭነት ሳጥኑ ወለል ባዶ ብረት ሲሆን መሃሉ ላይ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ዘንግ ትይዩ፣ በመያዣ ላይ የሚወዛወዙ አራት የብረት ቀለበቶች ተበይደዋል። ያስበየደቻቸው እናትየዋ ራሷ ናት፤ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር በየቤቱና በየሻይ ቤቱ ስታከፋፍል በኖረችበት ዘመን። ከባድ ነገር ከዘንጉ በላይ ካልታሰረ መኪና ይሰክራል ትላለች። ጉልበቷ ከተሰበረ ወዲህ ቀለበቶቹ የሚይዙት ሲሊንደር ሳይሆን እሷን ነው። ቀጥ ብሎ የቀረ እግር ጋቢና ውስጥ አይገባም፤ ተሞክሮ ታይቷል። ስለዚህ ማክሰኞና አርብ ከነተሽከርካሪ ወንበሯ በሁለት ሳንቃ ላይ ተገፍታ ሳጥኑ ላይ ትወጣለች፣ ወንበሩ በአራት ገመድ ከአራቱ ቀለበቶች ይታሰራል፣ ፊቷ ወደ መንገዱ ይዞራል። ጀርባዋን ለመንገድ ሰጥታ አትሄድም። በጋቢናው ጣሪያ ላይ አሻግራ እያየች፣ ልጇ ማርሽ ባንቋቋ ቁጥር ጣሪያውን በረጅም ከዘራዋ ትመታለች። ሰፈሩ እማማ ሾፌር ይላታል፤ መሪ ከለቀቀችም በኋላ ስሙ አልለቀቃትም። ከተዘረጋው እግሯ ተረከዝ እስከ ጋቢናው ጀርባ አርባ ሳንቲሜትር ይቀራል። ይህንን የለካችው ሴት ልጇ ናት። ልጅቷ የኮንክሪት ጥንካሬ በሚፈተሽበት ላቦራቶሪ ትሠራለች፣ ሜትር ከቦርሳዋ አይጠፋም፣ ቁጥር ካላየች ዝናብ መዝነቡንም አታምንም እየተባለች ትታማለች።

ያን ጠዋት ልጅቷ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ባለው ቧንቧ የእናቷን የጉልበት ፎጣ ታጥብ ነበር። ከፊት ያሉት ሁለት ክፍሎች የወንድሟና የሚስቱ ናቸው፤ እናትየዋ ልጇ ሲያገባ ለቀቀችለት። እሷና ልጅቷ ከኋላ ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁለት አልጋ፣ በሁለቱ መካከል ተሽከርካሪው ወንበር። አንዷ ወደ በሩ ለመሄድ ስትፈልግ ወንበሩ መጀመሪያ ይወጣል፣ ሰው ይከተላል። በመስኮቱ በኩል የሳህን ድምፅ ይሰማል፣ ከሳህኑ ድምፅ መሃል የወንድሟ ሚስት ድምፅ መጣ። ወንበሩ ቀለሙን ልጦ ጨረሰው፣ እንዲህ ያለ መኪና ይዘህ ሰው ፊት ስትቀርብ ምን ይሉሃል፣ አለች። ወንድምየው ያጉረመረመው አልተሰማም። ከዚያ፣ ውሃው ለአፍታ ሲዘጋ፣

«ደግሞስ ከእንግዲህ የት ትሄዳለች?» አለች ሴትየዋ።

ፊት ለፊት አንቱ የምትላትን ሴት። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጅቷ ሥራ በምትውልበት ሰዓት አማቷን ከአልጋ የምታነሳት፣ ወገቧን ይዛ መጸዳጃ ቤት የምታደርሳት፣ ማታ ማታ በራሷ ወገብ ላይ ትኩስ ውሃ የምታደርገው እሷ ናት። ልጅቷ ይህን ስለምታውቅ ንግግሩን እንደ ድካም ቆጠረችው፤ የደከመው ሰው የሚናገረውን ሁሉ መያዝ አያስፈልግም ብላ። ወንድምየው «ዛሬ አስለብሰዋለሁ» ሲል ሰማች፣ ውሃው እንደገና ተከፈተ።

እርጥቡን ፎጣ እንደያዘች ወደ ፒክአፑ ሄደች። ሳጥኑ ላይ ወጥታ ተንበረከከችና ጭረቶቹን አንድ በአንድ አየች። የጨረቃ ግማሽ የመሰሉት፣ ጠርዛቸው የዛገው፣ የሲሊንደር ቂጥ የፋቃቸው ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በፊት የተፋቁ። ወደ ጎን የተጋደሙት ወንድሟ ባለፈው ዓመት የጫነው የቆርቆሮ ናቸው። ወንበሩ የሚቆምበት ቦታ ላይ ያለው አራት ግራጫ እድፍ ብቻ ነው። በፎጣው አንድ ጊዜ ስታሸው ለቀቀ። ከሥሩ ያለው ቀለም ፋብሪካው እንደቀባው ነበር። ጎማ ብረት አይፍቅም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መሥራት አያስፈልግም፣ ወርዶ ማየት ይበቃል፤ ሁለቱ ግን ቁርስ እየበሉ ወንበሩ ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። ንዴቷ የጀመረው እዚያ ነው፣ ገና ትንሽ ሆኖ፣ ጫማ ውስጥ እንደገባች ጠጠር።

ወንድሟ ቁልፉን እያሽከረከረ ወጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል። ሚጢ ነይ አብረን እንምረጥ፣ አንቺ መለካት ትወጃለሽ አላት፤ ሚጢ ማለት ከተወ ቆይቷል። ልጅቷ ደስ አላት። የጭነት ሳጥን ልባስ ሦስት ዓይነት መሆኑን ታውቃለች፤ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ እንዳለም ታውቃለች። ጎማ በጎማ ላይ ይቆማል፣ ወንበሩ ይበልጥ ይጠብቃል፣ የብረቱ ንዝረትም ወደ ጉልበቷ አይደርስም ብላ አሰበች። በጉብታ ባለፉ ቁጥር እናቷ ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ነክሳም «መንገዱ ነው» እንደምትል ታውቃለች። ቦርሳዋን አንስታ ሜትሩ መኖሩን በእጇ ዳብሳ ጋቢና ገባች። በኋላ ሲገባት፣ የወሰዳት እንድትመርጥ ሳይሆን «እሷም ነበረች» ለማለት ነው።

የመኪና ማሳመሪያ ሱቆች የተደረደሩበት መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ጠባብ ነው። በሁለቱም በኩል በራቸው የተከፈተ መኪኖች፣ የተነቀሉ ወንበሮች፣ የሙጫ ሽታ፣ በተለያየ ዘፈን የሚጣሉ ድምፅ ማጉያዎች። የገቡበት ሱቅ ወለል በጥቁር ዱቄት ተሸፍኗል። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ወፍራም ሰው ነው፤ ደንበኛ ሲያይ መጀመሪያ ጎማውን ያያል፣ ቀጥሎ ጫማውን። ሦስቱን ናሙናዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደረላቸው። አንደኛው በግፊት የሚረጭ፣ ሲደርቅ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክር ሽፋን ነው፤ ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፣ ወለሉ ተፍቆ እስኪዘጋጅም መኪናው እዚያው ማደር አለበት። ሁለተኛው ከሳጥኑ ቅርፅ ጋር ተስተካክሎ የተሠራ ጥቁር የፕላስቲክ ገበታ ነው፤ እንደ ሳህን ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጎንና ጎኑንም ያለብሳል፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ስምንት ሺህ። ሦስተኛው የጣት ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ነው፣ ወለሉን ብቻ ይሸፍናል፣ የሁለተኛውን ግማሽ ያወጣል። ልጅቷ ከመደርደሪያው የቀለም ቆርቆሮ አንስታ ሦስቱም ላይ በየተራ አስቀመጠችና ናሙናውን ከአንድ ጫፍ ከፍ አደረገች። በጎማው ላይ ቆርቆሮው ሊወድቅ እስኪያዘነብል ድረስ አልተንሸራተተም። በፕላስቲኩ ላይ ገና በትንሹ ከፍ ስታደርገው ሸርተት ብሎ ወርዶ ባለሱቁ ሆድ ላይ ቆመ።

ባለሱቁ ሳቀ። የእህትህ ዓይን ጥሩ ነው፣ ለዕቃ ከሆነ ጎማው ይይዛል፣ ይህኛው ለዓይን ነው፣ አለ። ሰውየው አልዋሸም፤ የዚያን ቀን ያልዋሸ ሰው ቢቆጠር እሱ አንዱ ነበር። ወንድምየው ቆርቆሮውን አላየም፤ የፕላስቲኩን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነው።

«ምንድነው የምትጭነው፣ ወንድሜ?» አለው ባለሱቁ።

«ቀላል ዕቃ። ወረቀት፣ ኮምፒውተር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ።»

«እናታችንን» አለች ልጅቷ።

ባለሱቁ ቀልድ መስሎት ሊስቅ አፉን ከፈተ። ከዚያ አንዱን አይቶ ሌላዋን አየና አፉን ዘጋ፣ መነጽሩንም ከግንባሩ አውርዶ መጥረግ ጀመረ። ወንድምየው ዞር ሳይል ፕላስቲኩን አንሳልኝ አለ።

ሠራተኛው ፕላስቲኩን አምጥቶ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስቀምጠው አልተኛም። መሃሉ ላይ እንደ ነፋ ሆድ ተቆልምሞ ቀረ። ቀለበቶቹ ናቸው፣ አለ ሠራተኛው፤ ወይ ፕላስቲኩን በቀለበቶቹ ልክ እቀድደዋለሁ፣ ወይ ቀለበቶቹን እቆርጣለሁ። ልጅቷ ቅደደው ለማለት አፏን ስትከፍት ወንድሟ ቀደማት። አዲስ ዕቃ ገዝቶ ማን ይቀድዳል፣ ቁረጣቸው አለ። ያለው እንዲሁ ነው፣ ስለ ጥፍር እንደሚያወራ ሰው። ልጅቷ እጇን ሳጥኑ ጠርዝ ላይ አደረገች።

«እማዬ በምን ልትታሰር ነው?»

ወንድሟ ክንዷን ይዞ ወደ ሱቁ ጥግ፣ ወደ ተነቀሉት ወንበሮች ወሰዳት። የሚናገረውን በልቡ ደጋግሞት እንደነበር ያስታውቅበታል። ጋዝ ማከፋፈሉን ባለትልልቅ መኪናዎቹ ከወሰዱበት ወዲህ ፒክአፑ ቆሞ መዋሉን አንቺም ታውቂያለሽ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ሊይዝለት ነው፣ ሰኞ ጠዋት ሰውየው መኪናውን ሊያይ ይመጣል፣ ንጹሕ ካልሆነ አይቀበልም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ደግሞ እግሯ ያው ነው፣ ስንት ወር ተመላለስን፣ በእሷ ዕድሜ ጉልበት ተመልሶ አይበቅልም። ልጅቷ ሠላሳ ስምንት አለችው። ምን ሠላሳ ስምንት አላት። ከአሥር ዲግሪ ተነስታ ሠላሳ ስምንት ደርሳለች፣ ሰባ ስትደርስ ጋቢና ውስጥ ትገባለች፣ ፊዚዮዋ ነግራሃለች፣ አንተም ቆመህ ሰምተሃል አለችው። ወንድሟ መሬቱን አየ። ጫማው ላይ ጥቁር ዱቄት ነበር፣ በሌላኛው ጫማ ጠረገው።

«ደግሞስ ከእንግዲህ የት ትሄዳለች፣ ሚጢ?»

ቃል በቃል ነበር። ልጅቷ ያን ጊዜ ነው በመስኮቱ ሥር የሰማችው ድካም እንዳልነበረ የገባት። ተወርቶበት፣ ተመክሮበት፣ አልጋ ላይ ተጋድመው ያለቀ ነገር ነው፤ እናትየዋ ከግድግዳው ማዶ ጉልበቷን በፎጣ ጠቅልላ ማክሰኞን ስትጠብቅ እነሱ ማክሰኞን ሰርዘውታል። ለእማዬ ነግረሃታል ወይ ብላ ጠየቀችው። ይህ ወንድሟ በልጅነታቸው እንኳን ጥፋቱን ክዶ አያውቅም፤ ዝም ይላል፣ ዝምታውንም ሰው እንደ ትህትና ይቆጥርለታል። ሄደሽ ሻይ ጠጪ አላት። አልሄደችም። ብረት መቁረጫው ግራይንደር ሲጮህ፣ ብልጭታው ወደ መንገዱ ሲረጭ፣ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ አየች። ቀለበቶቹ በየተራ እየዘለሉ ወደቁ። አንዱ ተንከባሎ እግሯ ሥር መጣ። በመሐረቧ አነሳችው፣ ጨርቁን አልፎ ጣቷን ፈጃት፣ አልጣለችውም። አራቱንም ለቅማ ቦርሳዋ ውስጥ ከሜትሩ አጠገብ አስቀመጠች። ፕላስቲኩ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ብሎ ተኛ። ሠራተኛው ጨርሶ ጠርሙስ አመጣና ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ማብሪያ ዘይት ቀባው፣ ምርቃት ነው ብሎ። እንደ መስታወት አበራ። ወንድምየው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አየውና ፈገግ አለ።

ወደ ቤት ተመለሱ። ልጅቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መኪናው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ቀለበቶቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ይሰማታል። ወንድሟም ይሰማዋል፤ ሬዲዮውን ከፈተ።

እናትየዋ በረንዳው ላይ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በማሳረፊያው ላይ ዘርግታ ትጠብቃለች። ፀጉሯ ተበጥሯል፤ ያበጠረቻት ምራቷ ናት። ፒክአፑ ከበሩ ሲገባ እናትየዋ አላየችም፣ ጆሮዋን ነው ያዘነበለችው። ለሃያ ዓመት ያህል በዚያ መኪና ባዶ ስትመለስ አራቱ ቀለበቶች እየተንጫጩ ነው የምትመለሰው። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀች።

«ቀለበቶቼስ?» አለች።

ወንድምየው ስለ ልባሱ ማውራት ጀመረ። ውሃ አያስገባም፣ ዝገት ይከላከላል፣ ዋስትና አለው። ልጅቷ ወደ እናቷ ሄዳ ቦርሳዋን ከፈተችና አራቱን ቀለበቶች ቀሚሷ ላይ አስቀመጠችላት። እናትየዋ አንዱን አንስታ የተቆረጠበትን አፍ በጣቷ ነካችው። የበየደው ሰውዬ ዕድሜ ልክ ነው ብሎኝ ነበር አለች፣ የማን ዕድሜ እንደሆነ ሳልጠይቀው ቀረሁ። ከዚያ ልጇ ስለ ኮንትራቱ እስኪነግራት ጠበቀች፣ ነገራትም፤ መሥሪያ ቤቱን፣ ሰኞን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት። ማክሰኞን አልጠራም። ምራትየዋ ሻይ ይዛ ወጥታ ነበር፣ ትሪውን የምታስቀምጥበት አጥታ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

እናትየዋ ኮንትራቱ ጥሩ ነው አለች። መኪና ቆሞ ሲውል ይታመማል። ማክሰኞና አርብ ግን ጠዋት ቀደም ብለን ሄደን አንተ ትመለሳለህ፣ እኔ እዚያ እውላለሁ፣ ማታ ትወስደኛለህ አለችው። መውጫውን እሷው ከፈተችለት። አንድ «እሺ» ብቻ ነበር የጎደለው። ወንድምየው ግን ስለ ጉልበቷ ሊናገር አልደፈረምና በወንበሩ በኩል ዞሮ መጣ፤ አሁንማ ቀለበት የለም፣ ማሰሪያ የለም፣ አደጋ ነው አለ። ቀለበቱን ያስቆረጠው እሱ ነው። ይህን ያለው ምንም እንዳላደረገ ሰው ነው፣ ቀለበቶቹን ጎርፍ የወሰዳቸው ይመስል።

«አደጋ ነው?» አለች እናትየዋ። «ስታስቆርጠው አደጋ ነበር ወይስ አሁን ነው አደጋ የሆነው?»

ወንድምየው ፊቱ ቀላ። ወንበሩ የራሱ ፍሬን አለው አለ፣ ያኔም ቢሆን ገመዱ ልብሽ እንዲያርፍ ነው እንጂ ምንም አይሆንም ነበር። ይህን ከተናገረ በኋላ መመለሻ አልነበረውም፤ ምላሱ ራሱን አስሮታል።

«ምንም ካልሆነ ና ተቀመጥ» አለች እናትየዋ። «እሷ ትንዳ።»

ሊስቅ ሞከረ። እናቱ አልሳቀችም። ልጅቷ እናቷን አቅፋ ወደ በረንዳው ሶፋ አዛወረቻት፣ እግሯን ትራስ ላይ አሳረፈች፣ ወንበሩን ገፍታ ሳንቃዎቹን ዘረጋች። ከመንገዱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ማሽኑን አቁሞ በሩ ላይ ወጣ። እማማ ሾፌር፣ ዛሬ ደግሞ ተሳፋሪው ማነው፣ ኪሎው ከበድ አለ ብሎ ተጣራ። እናትየዋ ዛሬ ዕቃው ባለቤቱ ነው አለችው። ወንድምየው ሰው ባያይ ኖሮ ምናልባት እምቢ ይል ነበር። ወጣና ተቀመጠ፣ የወንበሩን ሁለት ፍሬኖች ራሱ ረገጠ፣ መያዛቸውን በእጁ ፈተሸ፣ እጆቹንም ደረቱ ላይ አጣመረ። ልጅቷ ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን መሽከርከሪያዎች ድሮ ቀለበቶቹ በነበሩበት ቦታ ላይ አስተካክላ ነበር፤ አሁን ከወንበሩ የኋላ ጎማዎች ሥር በጠመኔ መስመር አሠመረች። ጠመኔው በዘይቱ ላይ አልይዝ ሲል ጠርጋ እንደገና አሠመረች።

መኪና መንዳት ያስተማረቻት እናቷ ናት፣ በዚሁ መኪና። በሩን ከፍታ ስትቀመጥ፣ መሪውን ስትይዝ፣ ያ ጠጠር የነበረው ንዴት ደረቷን እስኪሞላ አድጎ ነበር። መንገዱ መጨረሻ ላይ ጉብታ አለ። ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ብትረግጠው ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ወንድሟ ከነወንበሩ የጋቢናውን መስታወት ሲመታ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው፣ ገና ቁልፉን ሳታዞር። እግሯ ፈለገ። ጠዋት መስኮት ሥር የሰማችው፣ ሱቁ ጥግ ላይ የሰማችው፣ እናቷ ቀሚስ ላይ ያሉት አራት ብረቶች፣ ሁሉም ወደ ቀኝ እግሯ ወርደው ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገባች። ሁለተኛ አስገባች። ሦስተኛ አላስገባችም። ጉብታው ሲቀርብ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ማክሰኞና አርብ ወንድሟ እንደሚያደርገው፣ ምናልባትም ከእሱ ለስለስ አድርጋ ፍሬን ያዘች።

ከኋላዋ እንደ እርጥብ ጫማ ያለ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ሁለት እጆች የጋቢናውን ጀርባ በጥፊ ሲመቱ። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ወንድሟ የጋቢናውን ጣሪያ ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉልበቱ ብረቱ ላይ ደርሶ፣ አሁንም ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። የወንበሩ ፍሬኖች እንደተረገጡ ናቸው። ጎማዎቹ አልተሽከረከሩም፤ ተንሸራተቱ። ልጅቷ ሜትሩን አወጣች። ከጠመኔው መስመር እስከ ጎማው ስድሳ አንድ ሳንቲሜትር ነው። በልቧ አርባን ከሥሩ ጻፈችና አየችው። በአርባ ላይ የእናቷ ተረከዝ ብረት ይነካል። የቀረውን ሃያ አንድ ሳንቲሜትር የሚሄደው ጉልበቱ ነው።

«ሆን ብለሽ ነው የያዝሽው» አለ ወንድሟ። ወርዶ በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። እሷ ፒክአፑን ወደ ኋላ ነድታ ግቢ ስታስገባ እሱ በረንዳው ላይ ያንኑ ለእናቱ እየደገመላት ነበር፤ ሆን ብላ ነው፣ ልትገድለኝ ነበር። እናትየዋ እዚያው ሶፋው ላይ ናት፣ የመንገዱ መጨረሻ ከዚያ አይታይም።

«ሰምቻለሁ» አለችው። «በሁለተኛ ማርሽ ነበረች። ጎማው አልጮኸም። አንተ ከዚያ ይበልጥ ትይዛለህ፣ አባዬ። በየማክሰኞው እሰማሃለሁ።»

ልብስ ሰፊው ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ምራትየዋ ትሪውን መልሳ ይዛ ገባች፣ በሩንም ከውስጥ ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ቀስ ብሎ የሚዘጋ በር ደግሞ ከሚወረወረው የባሰ ያናድዳል። ልጅቷ የመኪናውን ቁልፍ እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። ለወንድሟ ላለመመለስ አሰበች። ነገር ግን መኪናው በስሙ ነው፤ እናትየዋ ነች ያዞረችለት፣ ሳይጠይቃት፣ ጉልበቷ ሳይሰበር፣ ወንድ ልጅ ሥራ ይያዝ ብላ። ሁለተኛ ቁልፍም አለው። በሩ ሥር አስቀምጣለት ወደ ኋላው ክፍል ገባች። እናቷ ቀለበቶቹን በትራሷ ሥር አስቀምጣ ነበር። ምራቷ እራት አመጣችላቸው፣ አንገቷን ደፍታ፣ «ይበሉ» ብላ። እናትየዋ በላች። እጅሽ ይባረክ አለቻት፤ ያንን ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ሰው መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ፣ ፕላስቲኩ ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለ። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ፒክአፑ ወጣ። እናትየዋ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ በረንዳው ላይ ነበረች፤ ድምፁ ከመንገዱ መጨረሻ እስኪጠፋ ሰማችው። ወንድምየው በመስታወቱ አይቷት ይሁን አይሁን አይታወቅም። ቀለበቱን መልሶ ለማስበየድ ቃል ገብቶ ነበር፣ ኮንትራቱ ሲረጋጋ። ልጅቷ ሚኒባሶችን ለመነች። አንዱ የእናቷን እግር አይቶ የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል አለ፣ አንዱ ቆሞ ሰምቶ መልስ ሳይሰጥ ሄደ። አምቡላንስ የሚያከራይ ቦታ ደውላ ዋጋውን ሰምታ ይቅርታ ጠይቃ ዘጋች፤ ለምን እሷ ይቅርታ እንደጠየቀች እስከ ማታ አበሳጫት። ማታ ማታ አልጋው ላይ ጉልበቱን ራሷ ለማጠፍ ሞከረች፣ ፊዚዮዋ እንደምታደርገው ተረከዙን ይዛ። እናቷ ሕመሙን ዋጥ አድርጋ በቃሽ አትልም፤ የምትፈራው ልጅቷ ነበረች፣ ጉልበቱ ባበጠ ጊዜም ተወችው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ከላቦራቶሪው ባልደረባ ዘመድ የሆነ፣ ዳቦ የሚያመላልስ ዝግ መኪና ተገኘ፤ ለአንድ ማክሰኞ ብቻ።

ፊዚዮቴራፒስቷ የት ጠፋችሁ አለች። እናትየዋ መኪና ብላ ጀመረችና ተወችው፤ ልጇን ለባዳ አሳልፋ አልሰጠችም። አልጋው ላይ አጋደሟት። ፊዚዮዋ ጉልበቱን በመዳፏ አሙቃ፣ ተረከዙን ይዛ፣ እናትየዋ የአልጋውን ብረት እስክትጨብጥ ድረስ ገፋችው። ማዕዘን መለኪያውን አጋደመች። ዝም ብላ አየችው፣ አነሳችው፣ እንደገና አጋደመች። ሁለቱም ጊዜ ያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ።